ዘጠኝ ጠጠር በዋልካ መሬት ላይ

ከመተማ ተነሥቶ በጋላባት በኩል ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የሚሻገር መንገደኛ በበጋ ወራት ለሰዓታት የሚያየው አንድ ዓይነት መሬት ነው፤ ጥቁር፣ ለጥ ያለ፣ የተሰነጣጠቀ። ክረምት ሲገባ ይኸው መሬት ጭቃ ሆኖ ትራክተር ይይዛል፤ ሰሊጥና ማሽላ ያበቅላል። ዝናቡ ሲያባራ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይነቃል። የጎንደር ገበሬ ይህን አፈር ዋልካ ይለዋል። ከደጋ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚወርደው፣ መተማ ላይ «ሳሉግ» የሚባለው የቀን ሠራተኛ ንቃቃቱን የሚያውቀው በእግሩ ነው። እግር ያጠልፋል፤ ሳንቲም የወደቀበትም አይመለስም።

ይኸው ንቃቃት ከላይ ሲታይ የነጥብና የመስመር ሥዕል ነው። ስንጥቁ መስመር ነው፤ ስንጥቅ ከስንጥቅ የሚገናኝበት ደግሞ ነጥብ። ይህ ዲስኩር የሚያወራው ስለ ነጥብና መስመር እንቆቅልሾች ነው፤ መሬት ላይ ስለሚጫወቱት፣ ከመሬት ተነሥተው ወደ ሦስትና ወደ አራት አውታር ስለሚወጡት። አውታር ሲባል አንድ ነገር የሚለካበት አቅጣጫ ነው፤ ገመድ አንድ አለው፣ ምንጣፍ ሁለት፣ ቤት ሦስት። በንግግሩ ውስጥ የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ከንቃቃቱ አንድ ጥያቄ ይነሣ። በስንጥቅ የተከበበ አንድ ቁራሽ አፈር ስንት ማዕዘን አለው? አንዱ ሦስት፣ አንዱ አምስት፣ አንዱ ስድስት ነው። ነገር ግን ብዙ ቁራሽ ተቆጥሮ አማካዩ ሲወሰድ መልሱ ወደ አንድ ቁጥር ይጠጋል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ስንጥቆች ሲገናኙ በአብዛኛው ሦስት ክንድ ይፈጠራል። 100 መገናኛ ቢኖር ክንዶቹ 300 ይመስላሉ፤ እያንዳንዱ ክንድ ግን ሁለት ጫፍ ስላለው ሁለት ጊዜ ተቆጥሯልና 150 ናቸው። በ18ኛው መቶ ዘመን ሊዮናርድ ኦይለር ባገኘው ደንብ መሠረት በሰፊ ሜዳ ላይ መገናኛውና ቁራሹ ሲደመሩ ከክንዶቹ ቁጥር ጋር ከሞላ ጎደል እኩል ይሆናሉ። ስለዚህ ቁራሾቹ 50 ገደማ ናቸው፤ ለአንድ ቁራሽ ሁለት መገናኛ ይደርሰዋል ማለት ነው። አዲስ ስንጥቅ የቆየውን ስንጥቅ ከጎኑ መጥቶ ሲገጥመው፣ ቆሞ እንደሚቀር የጎን መንገድ፣ በዚያ መገናኛ ሁለት ማዕዘን ብቻ ይፈጠራል፤ በሦስተኛው በኩል ያለው ቁራሽ ቀጥ ያለ ግድግዳ እንጂ ማዕዘን አያገኝም። ሁለት መገናኛ በሁለት ማዕዘን፣ አራት። መሬቱ ደጋግሞ ሲርስና ሲደርቅ ግን መገናኛዎቹ ቀስ በቀስ ሦስቱም ክንድ እኩል የተከፈለባቸው ይሆናሉ፤ ይህ በቤተ ሙከራ በሸክላ አፈር ላይ ታይቷል። ያን ጊዜ በየመገናኛው ሦስት ማዕዘን ይኖራል፤ ሁለት በሦስት፣ ስድስት። ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ ያለ ማንኛውም ተማሪ አንድ ማሳ ዳር ተንበርክኮ ይህን ቆጥሮ ሊመረምር ይችላል።

በ2020 ሃንጋሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ጋቦር ዶሞኮሽ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ነገር አንድ አውታር ወደ ላይ አነሣው። ዓለት ሲፈረካከስ የሚወጣው ቁራጭ በአማካይ ስድስት ፊትና ስምንት ማዕዘን እንዳለው አሳዩ። ኩብም ስድስት ፊትና ስምንት ማዕዘን አለው። ፕላቶን ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በፊት ምድርን ከኩብ ጋር አዛምዶ ነበር። ምክንያቱ ሌላ ነበር፤ አማካዩ ግን እሱ ወዳለበት ወጣ።

በዚያው ዋልካ ላይ የሰው እጅ የሠራው ነጥብና መስመርም አለ። በሱዳን ከዛፍ ጥላ ሥር ሁለት ሰዎች ቁጢጥ ብለው ሃያ አምስት ትንንሽ ጉድጓድ ሲምሱ የታዩ እንደሆነ ሲጃ ሊጫወቱ ነው። ሰሌዳው አምስት በአምስት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች 12 ጠጠር ይይዛል፤ በየተራ ሁለት ሁለት እያደረጉ ይደረድራሉ፤ የመሀሉ ጉድጓድ ብቻ ባዶ ይቀራል። ከዚያ ጠጠሩ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን ይሄዳል፤ በሰያፍ አይሄድም። የባላጋራውን ጠጠር በሁለት ጠጠሮቹ መሀል በአንድ መስመር ያስገባ ይበላዋል። ኤድዋርድ ሌን የተባለው እንግሊዛዊ በ1836 ስለ ግብፃውያን ኑሮ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጨዋታ ገልጾታል፤ እዚያ ጠጠሩ «ከልብ» ይባላል፣ ውሻ ማለት ነው።

ከድንበሩ በኢትዮጵያ በኩል ያለው ሰው የለመደው ገበጣን ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ገበጣ ግን የቆጠራ ጨዋታ ነው፤ ጠጠር ይዘራል፣ ይታፈሳል። የመስመር ጨዋታ የሚፈልግ ሰው ወይ ወደ ምዕራብ ወደ ሲጃ፣ ወይ ወደ ምሥራቅ ወደ ሶማሌው ሻሕ መሄድ ይችላል። ሻሕ ሦስት አራት ማዕዘን አንዱ በሌላው ውስጥ ተሥሎ፣ የጎናቸው መሀል በመስመር ተያይዞ የሚጫወቱት ነው። 24 ነጥብ አለው። እያንዳንዱ ነጥብ በሁለት መስመር ላይ ይገኛል፤ እያንዳንዱ መስመር ሦስት ነጥብ ይይዛል። 24 በሁለት 48፣ ለሦስት ሲካፈል 16። ሥዕሉን ያላየ ሰው እንኳ መስመሮቹ 16 መሆናቸውን በዚህ ስሌት ያውቃል። ይህች አቆጣጠር ወደ ኋላ ታስፈልጋለችና ትያዝ።

የሲጃ ሰሌዳ ጨዋታው ካለቀ በኋላም ያስተምራል። አንድ ጠጠር ከጉድጓድ ወደ አጠገቡ ጉድጓድ ብቻ እየሄደ ሃያ አምስቱንም፣ አንዱንም ሳይደግም መጎብኘት ይችላል? ከጥግ የጀመረ በቀላሉ ይችላል። ከጥጉ አጠገብ ካለው ጉድጓድ የጀመረ ግን ቢውልም ቢያድርም አይሆንለትም። ጉድጓዶቹን እንደ ዳማ ገበታ አንዱን ጥቁር አንዱን ነጭ ብሎ መሰየም ይበቃል። ጥጎቹ ጥቁር ከሆኑ ጥቁሮቹ 13፣ ነጮቹ 12 ናቸው። እያንዳንዱ እርምጃ ቀለም ይቀይራል። ከነጭ የተነሣ መንገደኛ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ እያለ በሃያ አምስተኛው ቆይታው ነጭ ላይ መድረስ አለበት፤ ለዚያ 13 ነጭ ያስፈልገዋል፣ ያለው 12 ነው። አንድም መንገድ ሳይሞከር መንገድ እንደሌለ ታወቀ።

አሁን ሰሌዳው ያንስ፤ ሦስት በሦስት ይሁን፤ ዘጠኝ ጠጠር። የዚህ ንግግር ዋና ጉዳይ እነዚህ ዘጠኝ ጠጠሮች ናቸው።

ዘጠኙ ጠጠር በሦስት ረድፍ ሲደረደር ሦስት ሦስት ጠጠር የያዙ ቀጥ ያሉ መስመሮች ስንት ናቸው? ሦስት ወደ ጎን፣ ሦስት ወደ ታች፣ ሁለት ሰያፍ፤ ስምንት። እንግሊዛዊው ጆን ጃክሰን በ1821 ባሳተመው የክረምት ምሽት ማዝናኛ መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ነገር በዛፍ ጠይቆታል፤ ዘጠኝ ዛፍ በአሥር ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ ሦስት ሆኖ ሊተከል ይችላል ወይ ብሎ። በገዳሪፍ ሙጫ የሚለቀመውን የሐሻብ ግራር የሚተክል ገበሬ ዘጠኝ ችግኝ ይዞ እንዲህ ቢጠየቅ፣ ስምንት ከሰጠው ሰሌዳ አሥር ማውጣት የማይሆን ይመስለዋል።

መልሱ ሁለት ጠጠር መንካት ብቻ ነው። ከመሀለኛው ረድፍ የግራውንና የቀኙን ጠጠር ወደ መሀሉ ጠጠር እኩሌታ መንገድ ማስጠጋት። የግራና የቀኝ ዐምዶች ይፈርሳሉ፤ ሁለት መስመር ጠፋ። ነገር ግን የተጠጋው የግራ ጠጠር አሁን ከላይኛው ግራ ጥግ ወደ ታችኛው ረድፍ መሀል በሚወርደው መስመር ላይ ይውላል፤ ከታችኛው ግራ ጥግ ወደ ላይኛው ረድፍ መሀል በሚወጣውም ላይ ይውላል። የቀኙም እንዲሁ። አራት መስመር ተገኘ። ስምንት ሲቀነስ ሁለት፣ ሲደመር አራት፤ አሥር። አድማጭ ዛሬ ማታ በዘጠኝ ሽንብራ ይሞክረው። በዘጠኝ ነጥብ በዝርግ መሬት ላይ ከአሥር በላይ እንደማይቻል ተረጋግጧል።

ግን ቁጥሩ ለምን ወሰን አለው? የሻሕን አቆጣጠር እንመልሰው። ዘጠኝ ጠጠር 36 ጥንድ ይሠራል። ሦስት ጠጠር የያዘ መስመር ሦስት ጥንድ ይጨርሳል። እያንዳንዱ ጥንድ ሦስተኛ ጓደኛ ቢያገኝ መስመሮቹ 36 ለሦስት ሲካፈል 12 ይሆኑ ነበር። አሥራ ሁለቱን የሚከለክለው ምንድን ነው?

በ1893 እንግሊዛዊው ጄምስ ጆሴፍ ሲልቬስተር በአንድ የትምህርት መጽሔት ላይ ጥያቄ አስቀመጠ። ነጥቦች ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ካልሆኑ፣ ሁለት ነጥብ ብቻ የያዘ መስመር የግድ አንድ ቦታ እንዳለ አሳዩ የሚል። ጥያቄው ለሕፃን የሚገባ ነው። የሚያረካ መልስ ሳይገኝ ግን ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆየ። በ1943 ሃንጋሪያዊው ፖል ኤርዶሽ ጥያቄውን ከተረሳበት አንሥቶ አሳተመው፤ በ1944 የወጣትነት ጓደኛው የቲቦር ጋላይ ማረጋገጫ ታተመ። ከሁሉ የሚያምረው ግን በ1948 የታተመው የሌሮይ ኬሊ ነው፤ ዕርሻ ዳር በእንጨት መሬት እየጫሩ ሊያስረዱት ይቻላል።

ኬሊ እንዲህ ይላል። በጠጠሮች ውስጥ የሚያልፍ መስመር ሁሉ ሦስት ጠጠር ይዟል እንበል። ከመስመሮቹና ከመስመሮቹ ውጪ ካሉት ጠጠሮች መካከል እጅግ ተቀራርበው ያሉትን አንድ መስመርና አንድ ጠጠር እንምረጥ። ከጠጠሩ ወደ መስመሩ ቀጥ ብለን እንውረድ፤ የረገጥንበትን ቦታ እግር እንበለው። መስመሩ ላይ ቢያንስ ሦስት ጠጠር አለ፤ ስለዚህ ሁለቱ ከእግሩ በአንድ ወገን መዋላቸው አይቀርም፤ አንዱ ቅርብ፣ አንዱ ሩቅ። አሁን ከላይ ካለው ጠጠር ወደ ሩቁ ጠጠር መስመር ይሠመር። ቅርቡ ጠጠር ለዚህ አዲስ መስመር ያለው ርቀት ቀድሞ «እጅግ ቅርብ» ካልነው ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ከትንሹ ያነሰ ተገኘ፤ ይህ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ መነሻው ስሕተት ነበር፤ ሁለት ብቻ የያዘ መስመር አለ። በዘጠኙ ጠጠር ላይ አሥራ ሁለቱን መስመር የሚያፈርሰው ይኸው ነው።

ነገሩ ግን እዚህ አያልቅም። አሥራ ሁለቱ መስመር ያለበት ዓለም አለ። ሦስት በሦስቱ ሰሌዳ ላይ በቀኝ ጫፍ የወጣ በግራ ይግባ፣ ከታች የወጣ ከላይ ይግባ የሚል ሕግ ይውጣ። ያን ጊዜ ሰያፎቹ ሁለት መሆናቸው ቀርቶ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት፣ በድምሩ ስድስት ይሆናሉ። ሦስት፣ ሦስትና ስድስት፤ አሥራ ሁለት። ጥንዶቹ ሁሉ ሦስተኛ ጓደኛ አገኙ። ጀርመናዊው ኦቶ ሄሰ በ1844 ይህንኑ አሥራ ሁለት መስመር በሌላ መንገድ፣ የማይጨበጡ ቁጥሮችን በሚጠቀም ጂኦሜትሪ ውስጥ ዘጠኝ ነጥብ ላይ አግኝቶታል። የኬሊ ማረጋገጫ እዚያ ለምን አይሠራም? ቅርብና ሩቅ፣ በዚህ ወገንና በዚያ ወገን የሚል ቃል እዚያ ትርጉም የለውምና። ዘጠኙ ጠጠር ያው ናቸው፤ ስምንት ወይም አሥር የሚያደርጋቸው አቀማመጣቸው፣ አሥራ ሁለት የሚያደርጋቸው ደግሞ የተቀመጡበት ዓለም ሕግ ነው።

ከኤርዶሽና ከጋላይ ጓደኞች የአንዲቱ ታሪክ ለገዳሪፍ ቅርብ ነው። በ1933 ቡዳፔስት ውስጥ አስቴር ክላይን የምትባል ተማሪ ለጓደኞቿ አንድ ነገር አሳየች። አምስት ጠጠር ሦስቱ በአንድ መስመር ሳይውሉ ቢበተኑ፣ ከመካከላቸው አራቱ ወደ ውስጥ ያልተሰረጎደ ጎነ አራት መሥራታቸው የግድ ነው። ማረጋገጫዋ በገመድ ይታያል። ጠጠሮቹ በገመድ ይከበቡ። ገመዱ አራት ወይም አምስት ጠጠር ከነካ ነገሩ አለቀ። ሦስት ብቻ ከነካ ሁለት ውስጥ ቀርተዋል፤ በሁለቱ ውስጠኞች ላይ መስመር ቢሠመር ከሦስቱ ጥጎች ሁለቱ በአንድ ወገን ይቀራሉ፤ እነዚያ ሁለቱና ውስጠኞቹ የሚፈለጉት አራት ናቸው። ለጎነ አምስት ስንት ጠጠር ይበቃል ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ዘጠኝ ሆኖ ተገኘ።

ከጓደኞቿ አንዱ ጆርጅ ሴኬሬሽ ጥያቄውን ከኤርዶሽ ጋር ገፍቶ በ1935 አሳተመው። ከአስቴር ጋርም በ1937 ተጋቡ፤ ኤርዶሽ በዚህ ምክንያት ነገሩን «የመልካም ፍጻሜ ጥያቄ» ብሎ ሰየመው። ባልና ሚስቱ አይሁድ ነበሩና አውሮፓን ለቀው ሸሹ፤ የጦርነቱን ዓመታት በስደት በሻንጋይ አሳለፉ። በ1948 ወደ አውስትራሊያ ተሻገሩ። ነሐሴ 28 ቀን 2005 በአዴላይድ በአንድ ቀን አረፉ፤ እሱ 94፣ እሷ 95 ዓመት ሆኗቸው። ለጎነ ስድስት 17 ጠጠር እንደሚበቃ በኮምፒውተር ያረጋገጠው የሴኬሬሽና የሊንዚ ፒተርስ ጽሑፍ የታተመው በ2006፣ እሱ ካረፈ በኋላ ነው። ለጎነ ሰባት 33 ይበቃል የሚለው ግምት ዛሬም ማረጋገጫ ይጠብቃል። ጥያቄው ከቡዳፔስት ወደ ሻንጋይ፣ ከሻንጋይ ወደ አዴላይድ አብሯቸው ተሰዷል። የሚሸከሙት መሣሪያ አልነበረውም።

አሁን ከመሬት ትንሽ ከፍ ይባል። በገዳሪፍ አካባቢ ጉጢያ የሚባል ክብ፣ ጣራው ሾጣጣ የሆነ የሣር ቤት አለ፤ ለኢትዮጵያዊ ጎጆ ቤት ማለት ነው። የጣራው ወራጆች ከጉልላቱ ተነሥተው ወደ ታች ይወርዳሉ። ሦስት ወራጅ ይመረጥ። በሦስቱ ላይ ከፍ ብሎ አንድ ገመድ በሦስት ማዕዘን ይታሠር፤ ዝቅ ብሎ ሌላ ገመድ፣ ግን ዘንበል ብሎ ይታሠር። የላይኛው አንድ ጎንና በዚያው ፊት ያለው የታችኛው ጎን ቢረዝሙ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ሦስት ፊት አለና ሦስት መገናኛ ይገኛል። ሦስቱ መገናኛዎች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ይውላሉ። በፈረንሳዊው ዤራር ዴዛርግ ስም የሚጠራው፣ በ1648 የታተመው ቲዎረም ይህ ነው።

በጣራው ላይ ሆኖ ለሚያየው ምንም አይደንቅም። ሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች ሁለት ዝርግ ገጾች ናቸው፤ ሁለት ገጽ የሚተላለፈው በአንድ መስመር ነው፤ መገናኛዎቹም በሁለቱም ገጽ ላይ ስለሆኑ ከዚያ መስመር ሊወጡ አይችሉም። አሁን ፀሐይ የዚህን ሁሉ ጥላ መሬት ላይ ትጣለው። የቀጥተኛ ነገር ጥላ ቀጥተኛ ነው። መሬት ላይ አሥር ነጥብና አሥር መስመር ይታያል፤ እያንዳንዱ መስመር ሦስት ነጥብ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት መስመር ይዟል። ጥላውን ብቻ ያየ ሰው ሦስቱ ነጥቦች ለምን እንደተሰለፉ ግራ ይገባዋል። ዳቪድ ሂልበርት በ1899 እንዳሳየው፣ ነጥብና መስመር እንዴት እንደሚገናኙ ብቻ የሚናገሩት የዝርግ ገጽ ሕጎች ይህን ቲዎረም ለማረጋገጥ አይበቁም። አንድ አውታር ከፍ ያለ ሰው ግን በነፃ ያገኘዋል።

ከዚህም በላይ መውጣት ይቻላል፤ መወጣጫው የሲጃ ሰሌዳ ነው። ሦስት በሦስቱን ሰሌዳ በአንድ ዙር ጉድጓድ ስንከበው አምስት በአምስት፣ ማለትም ሲጃ ይሆናል። የተጨመሩት ጉድጓዶች 25 ሲቀነስ 9፣ 16 ናቸው። ከስምንቱ ባለ ሦስት መስመሮች እያንዳንዱ በሁለት ጫፉ ቢረዝም ሁለት የዙሪያ ጉድጓድ ይነካል፤ እያንዳንዱ የዙሪያ ጉድጓድም በአንድ መስመር ብቻ ይነካል። 16 ለሁለት፣ ስምንት። ይህ ስሌት አውታር ሲጨምር አይሰበርም። ሦስት ሰሌዳ ተደራርቦ 27 ቦታ ያለው ኩብ ሲሆን ቅርፊቱ 125 ሲቀነስ 27፣ 98 ነው፤ መስመሮቹ 49። በዚህ ኩብ ላይ ሦስት በአንድ መስመር ቀድሞ ያሰለፈ ያሸነፈ ነው ቢባል፣ ጨዋታው በእኩል ሊያልቅ አይችልም። በአራት አውታር 625 ሲቀነስ 81፣ ለሁለት ሲካፈል 272። ባለ አራት አውታሩን ሰሌዳ ዓይን አያየውም፤ እጅ ግን ይሠራዋል። ዘጠኝ ሰሌዳ፣ እያንዳንዱ ሦስት በሦስት፣ ራሳቸው ሦስት በሦስት ተደርድረው 81 ጉድጓድ። አንድ ክፍል ወለል ይበቃዋል።

ከዳር ዞሮ በሚገባው ሕግ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። አንድም ሙሉ መስመር ሳይሠራ ስንት ጠጠር ሊቀመጥ ይችላል? በዘጠኙ ጉድጓድ 4፣ በ27ቱ 9፣ በ81ዱ 20። ማርሻ ፋልኮ የተባለች የዘረመል ተመራማሪ በ1974 በ81 ካርታ የሚጫወቱት «ሴት» (Set) የተባለ ጨዋታ ፈጠረች፤ የካርታው ሕግ ልክ ይህ ነው። ጣሊያናዊው ጁዜፔ ፔሌግሪኖ 20ን ጨዋታው ሳይፈጠር በፊት አረጋግጦት ነበር። በአምስት አውታር 45፣ በስድስት 112 ነው። የሰባቱ ትክክለኛ ቁጥር አልተረጋገጠም። በ2016 ጆርዳን ኤለንበርግና ዲዮን ኻይስቬይት ለማንኛውም አውታር የሚሆን ጠንካራ ጣሪያ አገኙ፤ ማረጋገጫቸው ጥቂት ገጽ ብቻ መሆኑ ሙያውን አስደንግጦታል።

ይህ ሁሉ በገዳሪፍ መነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ አካባቢ ያለችው የኡም ራኩባ መጠለያ ጣቢያ በ1980ዎቹ ከረሀብና ከጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያንን ተቀብላ ነበር፤ ከኅዳር 2020 ጀምሮ ደግሞ ከትግራይ የመጡትን ተቀበለች፤ ሌላዋ ጣቢያ ቱናይድባህም ጥቂት ቆይታ እንዲሁ። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ የሱዳን ጦርነት ከካርቱምና ከሌላውም ቦታ ያፈናቀላቸው ሰዎች ወደ ገዳሪፍ መጡ፤ ሌሎች ደግሞ በመተማ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ። በሁለቱም ወገን ደብተርና ጠመኔ የሚያጥረው ልጅ አለ። ጠጠርና ዋልካ ግን በሁለቱም ወገን ሞልቷል። የሲልቬስተርን ጥያቄ፣ የአስቴር ክላይንን ገመድ፣ የአሥሩን ረድፍ ዛፍ በመጠለያ ጣቢያ ዳስ ሥር ማስተማር ይቻላል፤ ቋንቋቸው የተለያየ ልጆች እንኳ በአንድ ሰሌዳ ዙሪያ ይግባባሉ።

ስለዚህ ሁለት ጥሪ ይቅረብ። አንደኛው ለአስተማሪዎች ነው። በሚቀጥለው የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ልጆቹን ወደ ውጪ ያውጧቸው፤ የሲጃ ሰሌዳ ያስምሷቸው። 10 ጠጠር ይስጧቸውና በየትኛውም አቅጣጫ፣ በሰያፍም ቢሆን፣ ሦስቱ በአንድ መስመር ሳይውሉ እንዲያስቀምጡ ይጠይቋቸው። በአንድ ረድፍ ከሁለት በላይ ስለማይሆን ከአሥር መብለጥ አይቻልም፤ አሥሩ ግን ይቻላል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ዱደኒ ይህን በ1917 መጽሐፉ በቼዝ ሰሌዳ ላይ በ16 ጠጠር ጠይቆታል። መልሱን አይንገሯቸው፤ ይፈልጉት።

ሁለተኛው ጥሪ ለአባቶችና ለእናቶች ነው። ፓንክረስት ለገበጣ ያደረጉት ለመስመር ጨዋታዎችም ይደረግ። በልጅነታችሁ በአርማጭሆ፣ በቋራ፣ በሁመራ፣ በጋላባት ወይም በዶካ መሬት ላይ እየጫራችሁ የተጫወታችሁት ጨዋታ ካለ ስሙን፣ የጉድጓዱን ቁጥርና ሕጉን ለልጅ ልጃችሁ ንገሩት፤ እሱም የተጫወታችሁበትን መንደር ስም ጨምሮ ደብተሩ ላይ ይጻፈው።